«አንተ» የምትለኝ ሴት

ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብስ ላወጣ ቁም ሳጥኑን ስከፍት አንዲት የእንጨት ሚዶ ከላይ ወድቃ አናቴን መታችኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ!» አልኳት። ከፒያሳው ቤታችን ለቀን ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከመጣን ጀምሮ ስፈልጋት ነበር፤ ለካ ከአሮጌ ሹራብ ጋር ተጠቅልላ ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ጥርሶቿ ረግፈው ግማሽ አፍ ሆናለች። አነሳሁና አሸተትኳት። ሳቂ፣ ግድ የለም፤ ሚዶ የሚያሸት ሰው አይተሽ አታውቂ ይሆናል። ሽታው ግን አለ እኮ! የራስ ቅቤ ሽታ፣ ከሱ ሥር የእንጨት፣ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ የፒያሳ ዝናብ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ብርድ ልብሱንም ረሳሁት።

እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ምንም ነገር አይሸትም። የጎረቤት በር ሲዘጋ ይሰማል እንጂ የጎረቤት ወሬ አይሰማም። የማወራው ከጎን ክፍል ከምትተኛው አሮጊት ጋር ብቻ ነው፤ እሷም ብትሆን… የሷን ነገር እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የሚዶዋን ታሪክ ልንገርሽ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ብዙ አባወራ በጋራ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏል። የሞተች ሰሞን ጸጉሬን በአባቴ መቀስ ከሥሩ ቆረጥኩት፤ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች «ውይ ልጄን!» እያሉ እንደገና እዬዬ አሉ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ባደገ ቁጥር እቆርጠዋለሁ። ሰው ሁሉ «ሐዘኑ አልወጣላትም» ይላል። ሐዘኑስ አለ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የምቆርጠው የሚሠራልኝ ስላጣሁ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ እግሮቿ መሐል አስቀምጣ ሹሩባ የምትሠራኝ እናቴ ነበረች። ጸጉሬ ካደገ ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ በረንዳው ላይ ማንም የለም።

በዚያ ላይ ቁመቴ ተመዘዘ፣ ትከሻዬ ሰፋ፣ ሌላው ነገሬ ግን ሁሉ ባለበት ቆሟል። ያለ ሱሪ አልወጣም። የአራት ኪሎ ታክሲ ወያላ «ግባ ጀለስ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ!» ይለኛል። ዳቦ ቤት የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ሳትል «ምን ልስጥህ ጎረምሳው?» ትለኛለች። ለማረም አፌን ስከፍት ድምፄም እንደ ጎረምሳ ጎርነን ብሎ ይወጣና ይብሰዋል። ዳቦዬን ይዤ ዝም ብዬ እወጣ ነበር።

ጓደኛ ነበረችኝ፤ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ልጅ። ከእኔ በወራት ብቻ ትበልጠኛለች፤ የማታውቀው ነገር ግን የለም። እሷ «ትልቅ ሰው» ከሆነች ቆይታለች፣ የክፍላችን ሴቶችም ሁሉ እንደዚያው፤ የወር አበባ ያልመጣላት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሱፍ ስንበላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አንቺ ግን እስካሁን ካልመጣልሽ ወንድ ልትሆኚ ነው ማለት ነው። አንዷ ሆናለች አሉ» አለችኝ።

«የት ሰማሽ?»

«በራዲዮ።»

ራዲዮ ካለ አለቀ! እኔም እንደ ሞኝ አመንኳት። ማታ ማታ በመስታወት አገጬን እያየሁ ጢም መጣ አልመጣ እያልኩ እጨነቅ ነበር። እናቴ ብትኖር በሳቅ ገድላኝ፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። አባቴን ደግሞ እንዴት ብዬ ልጠይቀው?

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ወደ ጊዮርጊስ በሚያወጣው መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ሱቅ ነበረችው። ጠባዩ ዝምታ ነው። እናቴ ሳለች እሷ ለሁለቱም ታወራ ነበር፤ እሷ ስትሄድ ወሬው አብሮ ሄደ። ሱቁ አልበቃ ያላቸውን የግድግዳ ሰዓቶች ቤት አምጥቶ ይሰቅላቸዋል፣ አንዳቸውም ከሌላው አይስማሙም። ማታ እኔና አባቴ ራት ስንበላ የሚያወሩት እነሱ ነበሩ። አንዳንዴ ጉርሻ አፌ ውስጥ እንዳለ እነሱን እየሰማሁ እንባዬ ይመጣል፤ በርበሬ ነው እላለሁ። እሱም ያመነ መስሎ ውሃ ያቀብለኛል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማታ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ነገ እንግዳ አለች» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እንግዳ ስልሽ… ትቀመጣለች» ብሎ ሰዓቱን መሙላት ጀመረ። ማግባቱን የነገረኝ በዚህች ነው። ከዚያ ደግሞ ለመነኝ፤ «ነገ እንኳ ቀሚስ ልበሺ፣ በሞቴ» ብሎ።

እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወጣና አንዲት አጭር፣ ቀይ ሴት አስከትሎ ተመለሰ። ከጎንደር ነው የመጣችው፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳትወልድ ከዘመዶቿ ጋር የኖረች ሴት ናት። አንገቷ ላይ ክሯን አስራ፣ በአንድ እጇ ክዳን ያለው ትልቅ ቅርጫት ይዛለች። እኔ በቀሚሴ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቀሚሱ ካጠረኝ ቆይቷል፤ ጉልበቴ ያሳፍረኛል። ግቢው በሙሉ በየበሩ ወጥቶ ያየናል። ሴትዮዋ አጠገቤ ስትደርስ ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ፊቷ በሙሉ በራ፤

«ና! ና እስቲ አባቴ፣ ና ሳመኝ!» አለችኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም።

ጓደኛዬ ሳቋን አፍና ወደ ቤታቸው ስትሮጥ አየኋት። እኔ በቁሜ ደረቅኩ። ቀሚስ ለብሼ እኮ ነው! በዓመት አንዴ የማልለብሰውን ቀሚስ፣ ለእሷ ብዬ! በቀሚስ ያላወቀችኝ፣ በሱሪ ብታየኝ ምን ልትለኝ ነው? ጉንጬን እንድትስመኝ ሰጠሁና ገብቼ ሱሪዬን ለበስኩ።

ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ግን ስሜን አወቀች፣ የትምህርት ቤት ልብሴን በእጇ አጠበች፣ አሁንም ያው ናት። «ብላ እንጂ፣ ምነው ተውህ?» «ደኸና አደርህ የኔ ጌታ?» «ብርድ ነው፣ ልበስ!» ልብ በይ፣ የእኔ እናት የአራዳ ልጅ ነበረች፤ በሕይወቴ ከአንቺ ሌላ ብላኝ አታውቅም። እኔም ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅ። ትልቅ ሰው እንዳልጠይቅ ደግሞ አፍራለሁ፤ «ለምን ወንድ ትለኛለች?» ብዬ ብጠይቅና «መስለሻት ነዋ!» ቢሉኝስ? እንግዲህ የቀረችኝ ጓደኛዬ ናት። እሷም ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበችና ፈረደች፤

«ሙድ እየያዘችብሽ ነው። ፋራ መስላ እኮ አራዳ ናት!»

በቃ! ነገሩ ገባኝ። ማለት ገባኝ አልኩ።

እኔም ብሆን የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ሙድ ተይዞብኝ ዝም አልልም። ብሳደብ አባቴ ይጣላኛል። ስለዚህ እርስዎ አልኳት።

ልጅ እናቱን አንቺ ነው የሚለው። እርስዎ የሚባሉት ቄሱ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ከዘራ ይዘው የሚያልፉት ሽማግሌ ናቸው። እኔ ግን በዚያ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ጠዋት ማታ «ደህና አደሩ?» «ውሃ ይጠጣሉ?» «ይቅርታ፣ ሰፌድዎ መንገዴ ላይ ነው» እያልኩ እዞራለሁ። እያንዳንዷን እርስዎ ስላት በሩን ፊቷ ላይ የዘጋሁት ያህል ይሰማኝ ነበር። ጎረቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ! እንጀራ እናቷን በእርስዎ!» ስድብ እየተሳደብኩ እመረቅ ነበር። አንድ ጊዜማ አባቴን ሊጠይቅ የመጣ ሰው እኔ እርስዎ ስላት ሰምቶ የአባቴ እናት መስላው ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ከአባቴ ታንሳለች እኮ! አባቴ ሳሉን ያዘው፤ እሷም ቀስ ብላ ጉልበቷን ሰበሰበች።

እንጀራ የምንገዛው ከጉሊት ስለነበር ከጓደኛዬ ጋር ስንሆን «የጉሊት እንጀራ እናቴ» እላታለሁ፤ ጓደኛዬ በሳቅ ትንከባለላለች። እኔም እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስና ቤት ስገባ ግን ብቻዬን ነኝ። ድሮ ሁለት ነበርን የማናወራው፣ አሁን ሦስት ሆንን።

ያቺ ሚዶ ከቅርጫቷ የወጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ትቀመጥና ሚዶዋን ይዛ፣ «ና እስቲ አባቴ፣ ጸጉርህን ላበጥርልህ» ትለኛለች።

«አመሰግናለሁ፣ አይድከሙ።»

ትንሽ ትጠብቅና ሻሿን ፈትታ የራሷን ጸጉር ታበጥራለች። እሷ በረንዳው አንድ ጫፍ ላይ፣ እኔ በሌላው ጫፍ መጽሐፍ ገልጬ። የጊዮርጊስ ደወል ይደወላል፤ ከካሴት ቤቶቹ ሦስት ዓይነት ዘፈን ተደባልቆ ይመጣል፤ እኔ መጽሐፉን አላነብም፣ የሚዶዋን ድምፅ ነበር የምሰማው። የእናቴን ይመስላል። ሄጄ እግሯ ሥር ብቀመጥ ምን ነበረበት? አልሄድኩም።

አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። አንዴ ብቻ፣ ሽሮ እያማሰለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እርስዎ ሲሉኝ ይበርደኛል» አለች። ለእኔ ትበል ለድስቱ አላወቅሁም።

ቆይ፣ የጠራችኝ መሰለኝ። አይ፣ ተኝታለች። የት ደርሼ ነበር?

አክስቴ። የአባቴ እህት ናዝሬት ሱቅ ነበራት፤ ድምጿ ከበር ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። ዕቃ ልትገዛ በመጣች ቁጥር እኛ ዘንድ ታርፋለች። ያን ጊዜ መጥታ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ይቺ ልጅ ከስታለች። ከእንጀራ እናት ጋር ምን ያደርግላታል? ትምህርት ሲዘጋ እኔ እወስዳታለሁ፤ ናዝሬት ትማር» አለች። ይህንን ስትል እንጀራ እናቴ ሻይ እያቀረበች ነበር።

አባቴ ከእጁ ላይ ካለው ሰዓት ቀና ብሎ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ናዝሬት ሙቀት ነው፣ ማንንም አላውቅ፤ እናቴም የኖረችው እዚህ፣ የሞተችውም እዚህ ነው። ልቤ የሚጠብቀው አንድ ሰው «አትሂጂ» እንዲለኝ ነበር። አባቴን አየሁት፤ ሰዓቱን ያያል። ሴትዮዋን አየኋት፤ ስኒውን ታያለች። እንጀራ እናት ምን መብት አላት? ያኔ ግን ያ አልታየኝም። የታየኝ ማንም እንደማይፈልገኝ ብቻ ነው።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

ትምህርት ተዘጋ፣ ክረምት ገባ። አክስቴ በማግስቱ ጠዋት ልትወስደኝ ሻንጣዬ በር ሥር ተቀምጧል። የመጨረሻውን ከሰዓት ፒያሳን ልሰናበት ብቻዬን ወጣሁ፤ ጓደኛዬን አብራኝ እንድትወጣ አልጠየቅኳትም፣ እንዳላለቅስ። ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሐዘን መሰለኝ፤ በሐዘን ሆድ ይቆረጣል ሲሉ እሰማ ነበር።

ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሽታውን ጠገብኩ፤ የማኪያቶ ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ። ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ወረድኩ። ዝናቡ ሲጀምር ነጋዴዎቹ በዕቃቸው ላይ ላስቲክ ወረወሩበት፤ ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ደፍርሶ የሚወርደውን ውሃ አየሁ። ያን ያህል ሰው መሐል «ነገ እሄዳለሁ» የምለው አንድ ሰው አልነበረኝም። ያንን ብቸኝነት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ፒያሳ ስመለስ ከኋላዬ የሚመጡ ልጆች ሲንሾካሾኩና ሲስቁ ሰማሁ። አንድ ወርቅ ቤት መስኮት ውስጥ መስታወት አለ፣ ዞር ብዬ ራሴን አየሁ። ነጣ ያለ ሱሪ ነበር የለበስኩት። ምን እንዳየሁ አንቺ ሴት ነሽ፣ አልነግርሽም።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ግን እነግርሻለሁ። «ተመስገን፣ ወንድ አልሆንኩም!»

ደስታው እስከ ቀጣዩ ሱቅ እንኳ አልቆየም። ሹራቤ ቤት ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ፣ ጎን ለጎን እየተራመድኩ ግቢያችን ደረስኩ። እግዜር ያሳይሽ፣ በዚያው ቀን፣ ለቀናት ጠፍቶ የነበረው ውሃ መጥቷል! የግቢው ሴት በሙሉ ጀሪካንና ባልዲ ደርድሮ ቧንቧው ጋ ተሰልፏል። ጎረምሶቹ ደግሞ ኳስ ይዘው ደጃፋችን ላይ ናቸው። ወደ ቤት ለመግባት በሁሉም መሐል ማለፍ ነው። የግቢውን በር ተደግፌ ቆምኩ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም።

እንጀራ እናቴ ተራዋ ደርሶ ባልዲዋን ሞልታ ስትነሳ አየችኝ። አቋቋሜን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን እጄን አየች። ወደ ቤት መሄዷን ትታ ከነባልዲዋ ወደ እኔ መጣች፣ በጎኔ አልፋ አንድ ጊዜ ከኋላዬ ዞር አለች፤ ከዚያ ያንን ሙሉ ባልዲ ውሃ ከወገቤ በታች ገለበጠችብኝ!

ትንፋሼ ተቆረጠ። ቀዝቃዛ ነው! ከዚያ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮህኩ፤

«አንቺ! አበድሽ እንዴ?!»

ግቢው ጸጥ አለ። ኳሱ እንኳ ቆመ። ያቺ ጨዋ፣ ያቺ እንጀራ እናቷን በእርስዎ የምትጠራ ልጅ! ውሃው ከባልዲው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ውይ አባቴን! እግሬ አደናቀፈኝ! ና ግባ፣ ብርድ ሳይመታህ!» አለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቤ ላይ ጠመጠመችው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አቅፋ አሳለፈችኝ። ከኋላችን አንዷ «እንጀራ እናት መቼም!» ስትል፣ ሌላዋ «ያንን የመሰለ ውሃ!» ስትል ሰማሁ። ማንም ምንም አላየም። አንዲት የራሰች ልጅ ብቻ ነው ያዩት።

በሩን ዘጋች። እኔ ገና እየጮህኩ ነው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዓይኗ ወደ ሱሪዬ አመለከተችኝ፤ ያኔ ገባኝ፣ ዝም አልኩ። ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ፣ ልብስ አቀበለችኝ። ከዚያ ያንን ክዳን ያለውን ቅርጫት ከፍታ ከታች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሞዴስ ነው፤ ያልተከፈተ።

«ከመጣሁ ጀምሮ ገዝቼ አስቀምጬልሃለሁ» አለችኝ፤ «እናት የለውም፣ ቢመጣበት ማን አለው ብዬ።» ከዚያ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «እንኳን ደስ ያለህ! ሴት ሆንህ እኮ አባቴ!»

ሴት ሆንህ! ስሚ እንግዲህ! ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ሴት ከሆንኩ ለምንድን ነው አንተ የምትይኝ? ለምን ሙድ ትይዥብኛለሽ?»

«ሙድ ምንድን ነው?»

«ወንድ ትመስላለች ብለሽ! ለማሾፍ!»

እጇ ከጉንጬ ወረደ። እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም።

«እኔ? በአንተ?» አለች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። «እኛ አገር እኮ ሴት ልጅ ስትወደድ አንተ ትባላለች። አንቺማ ለማንም ይባላል። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንተ ነው ያለችኝ፤ ‹ና አባቴ› ነው የምትለኝ። ከሷ ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም።» ነጠላዋ ስለራሰ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «ካስከፋህ እተዋለሁ።»

ሰዓቶቹ ሁሉ ያወራሉ። በዚያ ቤት ውስጥ እናት የሞተችባት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«አትተዪ» አልኳት።

ከእንባዋ መሐል ፈገግ አለች፤ «አንቺ አልኸኝ እኮ። በሰው ፊት።»

«ስሰድብሽ ነው።»

«ስድብም ቢሆን።»

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው አያሰማም። ሚዶዋን አንስታ ምንም ሳትለኝ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ተቀመጠች። ሄጄ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ቅቤ በመዳፏ አሟሙቃ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። የእናቴ እጅ ፈጣን ነበር፣ ጸጉር ሲጎተት አይገደውም፤ የሷ ቀስ ይላል። ልዩነቱ ሲሰማኝ ለእናቴ አለቀስኩ፣ ከቀብሯ ቀን የበለጠ አለቀስኩ። እሷም «አልቅስ፣ አልቅስ የኔ ጌታ» እያለች መሥራቷን አላቆመችም። ጸጉሬ ለሹሩባ አይበቃም ነበር፤ ሲያልቅ በየቦታው ቆሞ ቀንድ ያበቀለ ጥጃ መሰልኩ። ራሴን በመስታወት ሳየው ግን በጣም ያማርኩ መሰለኝ።

ጠዋት አክስቴ መጣች። «በይ ተነሺ፣ መኪናው ሳይሞላ!» እያለች ሻንጣዬን ልታነሳ ስትል እንጀራ እናቴ በር ላይ ቆመች። አጭር ናት ብዬሻለሁ፤ ያን ቀን ግን በሩን ሞልታዋለች።

«ልጄ የትም አይሄድም» አለች።

አክስቴ ግራ ተጋባች። ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ፣ «ማነው የማይሄደው? ወንድ ልጅም አለሽ እንዴ?»

አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው፤ ያችን ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ መነጽር አውልቆ፣ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። አክስቴ ተቆጥታ ቁርሷን በላች፤ ተቆጥታ ሁለተኛ ሻይ ጠጣች፤ ብቻዋን ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ፒያሳ በሙሉ ለመደው። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ከአዳራሹ ውጪ «እልልል! ልጄ ተመረቀ!» ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ ልጁን በዓይኑ ፈለገ። እኔ ከዚያች ባልዲ ቀን ጀምሮ አንቺ እንዳልኳት ኖርኩ። አንተ ግን ብያት አላውቅም፤ የአዲስ አበባ አፌ አልለመደውም፣ ያሳፍረኝም ነበር።

አባቴ ሞተ። ሰዓቶቹን የሚሞላ ስላልነበረ አንድ በአንድ ቆሙ። ግቢያችንም ፈረሰ፤ አሁን እዚያ ሰፊ መንገድና የሚያምር መብራት አለ። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን ሄጄ ብቆም ቧንቧው የቱ ጋ እንደነበር ማሳየት አልችልም። እኔም ሳላገባ ቀረሁ፤ እኔና እሷ ዕቃችንን ጭነን እዚህ አራተኛ ፎቅ ወጣን።

እዚህ ከመጣን በኋላ መርሳት ጀመራት። መጀመሪያ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠች ረሳች። ቀጥላ የአባቴን መሞት ረሳች፤ ማታ ማታ በሩን ትጠብቃለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ እኔን። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብላት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በጨዋ ደንብ፣

«እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለችኝ።

እርስዎ! ሽሮ እያማሰለች ይበርደኛል ያለችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ አጥንቴ ድረስ ነው የበረደኝ። «ልጅሽ ነኝ» እላታለሁ። «ልጅ የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ትለኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ። ላጥባት ስል ታፍራለች፤ ጸጉሯን ላበጥር በፕላስቲኩ ማበጠሪያ ስጠጋት ሻሿን አጥብቃ ይዛ፣ «አመሰግናለሁ፣ አይድከሙ» ትለኛለች። የራሴን ቃል! ከየት አምጥታ እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ሚዶዋን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መስኮቱን ታያለች፤ ሻሿ ወልቆ ነጭ ጸጉሯ ተበታትኗል። ስታየኝ ልትነሳልኝ ሞከረች። «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ አይድከሙ» ማለት ጀመረች። እኔም ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን አሳፈረኝ፤ እንደዚያች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አሳፈረኝ። ግን አልኩት።

«ና» አልኳት። «ና እስቲ አባቴ፣ ጸጉርህን ላበጥርልህ።»

ፊቴን አየች፣ ሚዶዋን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ከአልጋው ወረደች፣ ምንጣፉ ላይ እግሮቼ መሐል ተቀመጠች፣ ራሷን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችው። ቅቤ አልነበረኝም፤ በደረቁ አበጠርኳት። ጥርስ የሌለበት ቦታ ሲያልፍ ሚዶዋ ቷ ትላለች። አልተቃወመችም። ብዙ ከቆየን በኋላ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ በልጅ ድምፅ፣

«እማዬ፣ መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ አባቴ» አልኳት፤ ማበጠሬንም ቀጠልኩ።